የማምረቻና የማጓጓዣ ወጪን መቀነስ፦ ከማሳ እስከ ገበታ በምዕራብ ጎጃም

ምዕራብ ጎጃም አምርቶ የሚሸጥ ሀገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ስንዴውና ባቄላው ከራሱ ተርፎ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል፤ የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ደግሞ በሩቅ ከተሞች ገበያ ሳይቀር ይታወቃል። እንዲህም ሆኖ በቆሎውን በኩንታል የሸጠ አርሶ አደር ዱቄቱን በኪሎ፣ ኑጉን የሸጠ ደግሞ ዘይቱን በሊትር መልሶ ሲገዛ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት እያየ ይገረማል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ የባለ ወፍጮው፣ የሾፌሩ፣ የነጋዴውና የሠራተኛው ሐቀኛ ድካም ዋጋ ነው። ከፊሉ ግን ለማንም የማይደርስ፣ በመንገድ ላይ የሚፈስ፣ በመጋዘን የሚነቅዝ፣ በባዶ መኪና የሚቃጠል ገንዘብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶች ያቀረብንበት ምክንያት አለን። በየአጥቢያው ወፍጮ ለመትከል፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለመሸጥ፣ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ ለማቋቋም የሚደረገው ምክክር እየበዛ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ገቢ፣ ሥራ ላጡ ወጣቶችና ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን ምክክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው መግዣ ዋጋ ላይ ያተኩራል። መኪናው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የማምረቻውና የማጓጓዣው ወጪ ግን በየቀኑ ይከፈላል። ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ የሚለመልመውም ሆነ የሚጠፋው በዚህ ዕለታዊ ወጪ ነው። በቡሬ ያለ ታላቅ ፋብሪካና በአንድ አጥቢያ ግቢ ያለ ወፍጮ ቤት በመጠን ቢለያዩም የሚከስሩባቸው ቀዳዳዎች ተመሳሳይ ናቸው።

ፋብሪካ የት ይተከል?

የመጀመሪያው የወጪ ውሳኔ የሚወሰነው መኪናው ከመተከሉ በፊት ነው፤ እርሱም የቦታ ምርጫ ነው። መመሪያው ቀላል ነው፦ በመመረት ሂደት ክብደቱ የሚቀንስ ነገር ከእርሻው አጠገብ፣ ሲመረት የሚበላሽ ወይም ቦታ የሚይዝ ነገር ደግሞ ከተመጋቢው አጠገብ ቢዘጋጅ ይሻላል። አኩሪ አተርን እንውሰድ። ከ100 ኩንታል አኩሪ አተር ውስጥ ዘይቱ ከ18 እስከ 20 ኩንታል ያህል ብቻ ነው፤ የሚበዛው ለእንስሳትና ለዶሮ መኖ የሚሆን ተረፈ ምርት ነው። ኑግም ቢሆን ከክብደቱ ሲሶው ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ዘይት ሲሆን የቀረው ፋጉሎ ነው። ኑጉን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሰው ከሚከፍለው የጭነት ዋጋ የሚበዛውን እጅ የሚከፍለው ለፋጉሎው ነው ማለት ነው። የፋጉሎው ገዥ በዚያው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ወተት አምራች ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ገዥው የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ከብት አድላቢ ከሆነ ግን ዘይቱን እዚሁ ጨምቆ ዘይቱን ብቻ መላክ ትርፉ ግልጽ ነው። ዳቦና እንጀራ በአንጻሩ ቶሎ የሚበላሹ ስለሆኑ ከበሊታው ርቀው ሊዘጋጁ አይችሉም። ዱቄትም ከእህሉ ይልቅ ዕድሜው አጭር ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመሠረተው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ፓርኩ በሲዳማ ከይርጋለም፣ በኦሮሚያ ከቡልቡላ፣ በትግራይ ከባዕከር ጋር ከታቀዱት አራት ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ ዕቅዱ ምርትን በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ገጠር መሰብሰብ ነው። በፓርኩና በአርሶ አደሩ መካከል የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲኖሩ የታሰበውም ምርቱ በቅርብ ተሰብስቦ፣ ተበጥሮና ደረጃ ወጥቶለት ወደ ፋብሪካው እንዲሄድ ነው። ገለባውና ድንጋዩ እዚያው በገጠር ከቀረ የጭነት ዋጋ አይከፈልበትም።

ቡሬ ለዚህ ሥራ የተመረጠው መንገድ የሚገናኝበት ቦታ በመሆኑም ጭምር ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ መንገድ በከተማው ያልፋል፤ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደውም ከዚሁ ይነሣል። ይሁን እንጂ መልካም ቦታ ብቻውን ወጪን አይቀንስም። ለምሳሌ በሀገራችን ያሉ ታላላቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ጥሬ ዘይትን ከውጭ ሲያስመጡ፣ ያ ዘይት ከጅቡቲ ወደብ እስከ ቡሬ ወይም እስከ ደብረ ማርቆስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከተጣራም በኋላ ከፊሉ ወደ መሐል ሀገር ይመለሳል። ፋብሪካው በእርሻ መካከል የተተከለበት ጥቅም ሙሉ የሚሆነው የአካባቢው አርሶ አደር ኑጉን፣ አኩሪ አተሩንና ሱፉን በብዛትና በጥራት ሲያቀርብለት ነው። የገጠሩ ማሳና የከተማው ፋብሪካ ዕጣቸው የተሳሰረ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ውኃን በእህል ዋጋ መግዛት

ሁለተኛው ቀዳዳ እምብዛም አይታይም። ያልደረቀ እህል የገዛ ሰው ውኃ ገዝቷል። በቆሎ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ ኮሚቴ እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ 100 ኩንታል በቆሎ ገዛ እንበል። ይህ በቆሎ እስከ 13 በመቶ ሲደርቅ የሚቀረው 94 ኩንታል ከ25 ኪሎ ገደማ ነው። 5 ኩንታል ከ75 ኪሎ ያህሉ ወደ አየር ሄዷል። ለስሌት እንዲመች የኩንታሉ ዋጋ 4,000 ብር ነው ብንል 23,000 ብር ያህል ለውኃ ተከፍሏል፤ የጭነቱና የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ገና አልተቆጠረም። ገለባ፣ አፈርና ጠጠርም እንዲሁ ናቸው። በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ አቧራና አሸዋ ይይዛል፤ ያ አሸዋ በእህል ዋጋ ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በሠራተኛ ጉልበት ተበጥሮ ይጣላል፤ ሳይበጠር ከቀረ ደግሞ የወፍጮውን ድንጋይና ወንፊት ይበላል።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሌለው አጥቢያ በጨው ሊመረምር ይችላል። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ይያዝ፤ ከሩብ የማይበልጥ እህልና ጥቂት ማንኪያ በሚገባ የደረቀ ጨው ይጨመርበት፤ ከተከደነ በኋላ በደንብ ተነቅንቆ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ለማከማቸት አልደረሰም። ካልተጣበቀ እህሉ ወደ መድረቁ ተቃርቧል። ይህ ምርመራ ገበሬውን ለመንቀፍ መዋል የለበትም። ይልቁንም ደረቅና ንጹሕ እህል ላመጣ ሰው የተሻለ ዋጋ እንደሚከፈል አስቀድሞ ቢነገር፣ ማድረቂያ ሸራም በጋራ ተገዝቶ በተራ ቢሰጥ፣ ኮሚቴው ከውኃ ያተረፈውን ከገበሬው ጋር ይካፈላል። ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የመንገዱ ሒሳብ

በገጠራችን ከጠቅላላው ጉዞ በኪሎ ሜትር አጭሩ፣ ለአንድ ኩንታል ሲሰላ ግን ውዱ ከማሳ እስከ አውራው መንገድ ያለው ነው። እህል በሰው ትከሻ፣ በአህያና በጋሪ ይወጣል፤ ከዚያም በአይሱዙ፣ በመጨረሻም በተሳቢ ይጫናል። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ኬሻው ይቀደዳል፣ እህሉ ይፈስሳል፣ ጫኝና አውራጅም ይከፈላል። ስለዚህ ርቀትን ከመቀነስ ባልተናነሰ የመውረጃና የመጫኛውን ብዛት መቀነስ ያስፈልጋል። ከማሳ በወጣ ጊዜ በትክክለኛ ሚዛን ተመዝኖ በአንድ ዓይነት ኬሻ የታሸገ እህል በየደረጃው እንደገና መገልበጥና መመዘን አያሻውም።

ሁለተኛው ነገር የመኪናው ሙላት ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ከቡሬ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ 30,000 ብር ያስወጣል ብለን እናስላ። ሙሉ ሄዶ ባዶውን ቢመለስ የአንድ ኩንታል ወጪ 600 ብር ነው። በ25 ኩንታል ብቻ ቢሄድ 1,200 ብር ይሆናል። ሙሉ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ለአካባቢው ሱቆች ጨው፣ ሳሙናና ማሸጊያ ጭኖ 12,000 ብር ቢያገኝ የኩንታሉ ወጪ ወደ 360 ብር ይወርዳል። መኪናው ያው፣ ነዳጁ ያው፣ መንገዱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስምምነቱ ብቻ ነው። ጭነት ለማግኘት አንዱ አጥቢያ ብቻውን ላይችል ይችላል። ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከከተማው ነጋዴዎች ጋር አስቀድሞ የተነጋገረ ግን ይችላል።

ሦስተኛው የመሰብሰቢያ ጉዞ ነው። አምስት አጥቢያዎች እያንዳንዳቸው 10 ኩንታል በርበሬ ቢኖራቸውና እያንዳንዱ በየፊናው መኪና ቢከራይ አምስት ጎደሎ ጭነት ይከፈላል። አንድ መኪና በታወቀ ቀን ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ እየጫነ ቡሬ ቢደርስ ግን ሙሉ ጭነት ይሆናል። እነዚህ ከተሞች ሁሉ በአንድ አውራ መንገድ ላይ የተሰደሩ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ጉዞው የሚሠራው ግን ሁሉም በተባለው ቀንና ሰዓት ምርቱን ከመንገድ ዳር ካደረሰ ነው። አንድ መኪና በጅጋ ሦስት ሰዓት ቢቆም የአምስቱም አጥቢያ ወጪ ይጨምራል። ቀኑን ለማሳወቅ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ወጪ የላትም፤ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገር ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ብዙ ቤት ይደርሳል። ቀጠሮው የአካባቢውን በዓላትና የገበያ ቀን አይቶ ቢወሰን ደግሞ ሰው ሥራውን ሳይፈታ ያደርሳል።

አራተኛው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከአውራው መንገድ የራቁ ብዙ ቀበሌዎች በጭቃና በወንዝ ሙላት ይቆረጣሉ፤ መኪና የተገኘ እንደሆነም ዋጋው የበጋው አይሆንም። ስለዚህ ለክረምት የሚሆን ጥሬ ዕቃ ከሰኔ በፊት ወደ አውራው መንገድ መጠጋት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ በየጊዜው መዘጋቱ ይህን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። መኪና ለሳምንታት በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ጥሬ ዕቃው ያለቀበት ወፍጮ ቤት ይቆማል፤ ምርቱን መላክ ያልቻለ ደግሞ ደመወዝ መክፈል ይቸገራል። ከአንድ ወር ያላነሰ ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ መያዝ፣ ለቅርብ ገበያም ማምረት በሰላሙ ጊዜ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ዋስትና ነው። ለማንኛውም አምራች ከሰላም የበለጠ ወጪ ቀናሽ የለም።

በማምረቻው ግቢ ውስጥ

ወደ ማምረቻው ስንገባ ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ መለየት አለባቸው። የቤት ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የብድር ወለድ፣ የመኪናው እርጅና ተመረተም አልተመረተም የሚከፈሉ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። ጥሬ ዕቃ፣ ማሸጊያና የመብራት ፍጆታ ከምርቱ ጋር ይጨምራሉ፤ ይቀንሳሉም። ወርኃዊ ቋሚ ወጪው 60,000 ብር የሆነ ወፍጮ ቤት 300 ኩንታል ቢፈጭ እያንዳንዱ ኩንታል 200 ብር ይሸከማል፤ 600 ኩንታል ቢፈጭ 100 ብር ብቻ ይሸከማል። ከአካባቢው እህል በላይ የሆነ ትልቅ መኪና የሚገዛ ኮሚቴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል። ሁለት አጎራባች አጥቢያዎች ሁለት ወፍጮ ተክለው ሁለቱም ግማሽ ቀን ከሚቆሙ አንዱ ወፍጮ፣ ሌላው የበርበሬና የሽሮ ዝግጅት ቢይዝ ይሻላል።

በዚህ ረገድ ካይዘን በመባል የሚታወቀው የጃፓን የሥራ ዘዴ ይጠቅማል። በሀገራችን በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ2002 ዓ.ም. በ30 ድርጅቶች ላይ መሞከር ተጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ዘዴው የሚጀምረው ገንዘብ በማውጣት ሳይሆን ግቢን በማስተካከል ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚባሉት አምስቱ “ማ”ዎች መነሻው ናቸው። የማያስፈልገው ይወገዳል፤ የሚያስፈልገው የታወቀ ቦታ ይሰጠዋል፤ ቦታው ይጸዳል፤ ይህም ልማድ ሆኖ ይዘልቃል። የቶዮታ መሐንዲስ የነበረው ታይቺ ኦኖ ደግሞ ብክነትን በሰባት ከፍሎታል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ ሥራ መሥራት፣ የተከማቸ ክምችት፣ የሠራተኛ ከንቱ መመላለስና የተበላሸ ምርት። ለመኪና ፋብሪካ የተባለው በበርበሬ ቤትም ይታያል። ሚዛኑ በአንድ ጥግ፣ ማሸጊያው በሌላ ጥግ ከሆነ እያንዳንዷ ከረጢት ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ፌስታል አልቆ አሥር ሰው ቢቀመጥ የአሥር ሰው ቀን ባከነ።

የመሣሪያ እንክብካቤም የወጪ ጉዳይ ነው። ያልተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ ብዙ መብራት ወይም ናፍጣ እየበላ ጥቂት ይፈጫል፤ ዱቄቱንም ያሞቃል። የላላ ቀበቶና ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ኃይል ያባክናሉ፤ በመጨረሻም ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ይሰበራሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫና ማሸጊያ በብር ሲሰላ ብዙ ወድዷል። ስለዚህ መኪናው ሳይሰበር በፊት በታወቀ ቀን ማቆምና መጠገን፣ ማሸጊያንም ብዙ አጥቢያዎች ተባብረው በጅምላ መግዛት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ዋጋ አለው።

ተረፈ ምርቱም አይረሳ። ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ የሽሮ ክክ ገለባና ብጣሪ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ለከብት ማድለቢያና ለዶሮ መኖ ይሸጣሉ። ከተረፈ ምርቱ የተገኘው ገንዘብ ከዋናው ምርት ወጪ ላይ ይቀነሳል። ይህን የማይመዘግብ ወፍጮ ቤት ሌላ ሰው በነጻ እያደለበ ነው።

ወቅትን ማወቅ

ጊዜም ዋጋ አለው። የበቆሎና የበርበሬ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋ ይወርዳል፤ በክረምት ይወደዳል። በምርት ወቅት ገዝቶ ማከማቸት የሚያዋጣው ግን እህሉ ካልነቀዘና የብድሩ ወለድ ከዋጋው ጭማሪ ካልበለጠ ነው። ነቀዝን ለመከላከል ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን በውስጡ ያለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ ይሠራል። የአሠራሩ መነሻ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ፐርዲው ዩኒቨርሲቲ በካሜሩን ባደረገው ጥናት ነው። በጥብቅ ሲታሰር አየር አይገባም፤ በውስጡ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። እህሉ ሳይደርቅ ከታሸገ ግን ይሻግታል።

ገበያውን አስቀድሞ በማወቅ ረገድ ካህናት ከማንም የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። የዘይት፣ የሽሮ፣ የምስርና የክክ ፍላጎት በአጽዋማት ወራት እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን እንደማይወርድ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም እንደማይወጣ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው ቀን እንደሚገባም ከዓመታት በፊት ማስላት ይቻላል። ጾሙ በየካቲት መጀመሪያ በሚገባበት ዓመት ከጥራጥሬው አጨዳ እስከ ጾሙ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ግዢው፣ ማድረቁና መቁላቱ መጣደፍ አለበት። ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ደግሞ ሥራውን በእርጋታ ማከፋፈል ይቻላል። ታላላቅ ድርጅቶች የገበያ ትንበያ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ይህኛው በየደብሩ አለ። ፍልሰታና ጾመ ነቢያትም በዚሁ መንገድ በዓመቱ ዕቅድ ሊገቡ ይገባል። ጾሙ ሲፈታ እንዳይተርፍ፣ ሲገባም እንዳያጥር ማምረት ከሰባቱ ብክነቶች የመጀመሪያውን ያስቀራል።

የማይቀነስ ወጪ

ሁሉም ወጪ ይቀነስ ማለት አይደለም። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር መቀላቀል ወንጀልም ኃጢአትም ነው፤ ወጪ መቀነስ የሚል ስም ሊሰጠው አይገባም። በሻገተ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በተራ ማብሰልም አይጠፋም። የሻገተውን ለይቶ መጣል ኪሳራ ቢመስልም የሰው ሕይወት ነው። ስለ ሚዛን ትክክለኛነት ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያዝዙትን ለካህናት መንገር አያሻንም።

የገበሬውን ዋጋ መጫንም እውነተኛ ቅነሳ አይደለም፤ ወጪውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። በዋጋ የተበደለ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ያመርታል ወይም ለሌላ ይሸጣል፤ ወፍጮውም ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ሩቅ ይጓዛል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ አምራችና ገዥ በመጠን፣ በጥራትና በዋጋ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲዋዋሉ መሠረት ጥሏል። በውል የሚሠራ ኮሚቴ ምን ያህል፣ መቼ፣ በምን ጥራት እንደሚደርሰው ያውቃል፤ መኪናውንም በዚያው ልክ ይቀጥራል። ገንዘቡን በወቅቱ የሚከፍል ገዥ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ደላላ ይገዛል። የሠራተኛ ደመወዝና የሥራ ላይ ደኅንነትም እንዲሁ ናቸው። በርበሬ ለሚፈጩ እናቶች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መግዣው ጥቂት ነው፤ ሳንባቸው ግን አይተካም።

ከየት እንጀምር?

የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በአንድ ቀን መፈጸም አይቻልም፤ ለመጀመር ግን አንድ ደብተርና አንድ ትክክለኛ ሚዛን ይበቃል። በደብተሩ ላይ በየቀኑ አምስት ነገር ይጻፍ፦ የገባው ጥሬ ዕቃ በኪሎ፣ የወጣው ምርት በኪሎ፣ ተረፈ ምርቱና የተጣለው በኪሎ፣ መኪናው የሠራበትና የቆመበት ሰዓት፣ በመጨረሻም ለጭነትና ለጫኝና አውራጅ የተከፈለው ብር። በወሩ መጨረሻ የገባው ከወጣውና ከተረፈው ጋር ይተያይ። የጎደለው ኪሎ ወዴት ሄደ? ደርቆ ነው? ፈስሶ ነው? በሚዛን ስሕተት ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ይህ ጥያቄ ማንንም ለመክሰስ አይጠየቅም፤ ቀዳዳውን ለማግኘት እንጂ። ሠራተኞቹ ራሳቸው በስብሰባው ቢገኙ መልሱን ከማንም ቀድመው ያውቁታል።

ገና ያልጀመሩ አጥቢያዎች ደግሞ መኪና ከመግዛታቸው በፊት ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሱ፦ በዓመት ስንት ኩንታል ጥሬ ዕቃ ከስንት ኪሎ ሜትር ዙሪያ እናገኛለን? ምርቱን የሚገዛን ማን ነው፤ ተረፈ ምርቱንስ? በክረምትና መንገድ በተዘጋ ጊዜ ለስንት ሳምንት መቆየት እንችላለን? ለሦስቱም መልስ የሌለው ዕቅድ ምእመናን ለመዋጮ ከመጠራታቸው በፊት እንደገና ሊታይ ይገባል። መልስ ያለው ዕቅድ ግን ትንሽም ቢሆን ይጸናል። ሽንዲም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ደምበጫ ያሉ ኮሚቴዎች የአንድ ወር መዝገባቸውን ይዘው ቢገናኙ የማን በርበሬ በማን መኪና እንደሚሄድ፣ ማን ምን እንደሚፈጭ በአንድ ቀን ሊስማሙ ይችላሉ። ለዚህም የሚመቸው ጊዜ አዲሱ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት ያለው ወቅት ነው።